ተበልቶ እንጂ ተሰብሮ አይውጣ፦ የክሬሸርና የቁፋሮ ማሽን ካስቲንጎችን አስተማማኝ ማድረጊያ መመሪያ

ኮምቦልቻ ዙሪያ ካባ ላይ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ድንጋይ እንደ መንጋጋ ነክሶ የሚሰብረው የጆው ክሬሸር ፕሌት ድንገት ለሁለት ይከፈላል። ሥራ ይቆማል፣ ገልባጮች ይሰለፋሉ፣ ስልክ ይደወላል። «ከበፊቱ የጠነከረ አምጡልን» ይባላል። የተሰበረው በዚያው ሳምንት ለቆራሌው በኪሎ ይሸጣል። የጠነከረው ይመጣል። እሱም ይሰበራል።

ካስቲንግ፣ ማለትም ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት፣ ከሥራ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ይበላል፣ ወይ ይሰበራል። መበላት ሥራው ነው። መቼ እንደሚያልቅ ይገመታል፣ ቀን ተቆርጦለት ይቀየራል። ስብራት ግን ቀጠሮ አይሰጥም፤ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ይሄዳል። ጥንካሬን ብቻ ማሳደድ መበላትን ሊቀንስ ይችላል፤ ስብራትን ግን ብዙ ጊዜ ያባብሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚሮጡት ወደ አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ካስቲንግ ተበልቶ እንጂ ተሰብሮ እንዳይወጣ።

ወሎ ውስጥ ከባድ ማሽን በብዛት የሚታየው የድንጋይ ካባና ክሬሸር ላይ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከዚያው ናቸው። ኤክስካቫተር፣ ሎደር፤ ከክሬሸርም ጆው፣ ኮን፣ ኢምፓክት። ከሰል ወይም ሌላ ማዕድን ለሚቆፍርም ብረቱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ የተሰበረውን አትሽጡ፣ አንብቡት

በጣም የተናቀው ደረጃ ይህ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። የተሰበረው ፊት ላይ የሆነው ነገር ሁሉ ተጽፏል። ማንበብ የሚፈልግ ዐይንና የእጅ ባትሪ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

መጀመሪያ ሁለቱን ስባሪዎች «ይገጥማሉ ወይ» ብላችሁ አታጋጩ። ፊቱ ይደቆስና ጽሑፉ ይጠፋል። በሽቦ ብሩሽም አትፈግፍጉት። በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት፣ አድርቁት። ማሽኑ ላይ የቱ ቦታ እንደነበር፣ ላይና ታቹን በኖራ ምልክት አድርጉ። ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ አንሱት። ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ብዙ አያሳይም።

አሁን ተመልከቱ።

ፊቱ ላይ ውሃ ዳር እንደሚቀሩ መስመሮች ተከታትለው የተሠመሩ ቅስቶች ካሉ፣ ብረቱ የተሰበረው በአንድ ቀን አይደለም። ትንሽ ስንጥቅ ነበረች፤ በእያንዳንዱ ምት እየገፋች ሄዳ የቀረው ሲያቅተው ለቀቀ። ቅስቶቹ የሚያጥሩበት ጫፍ መነሻው ነው። እዚያ ምን አለ? ሹል ማዕዘን? የብየዳ ነጥብ? ጉድጓድ? ጥፋቱ እዚያ ነው። መጨረሻ ላይ በአንዴ የተበጠሰው ክፍል ትንሽ ከሆነ ጭነቱ ቀላል ነበር፣ ችግሩ መነሻው ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ትልቅ ከሆነ ግን ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል።

ቅስት የለውም፣ የሚያብለጨልጭ ፍሬ ፍሬ ብቻ ነው? በአንድ ምት የተሰበረ ነው። ፊቱ ላይ የቀስት ራስ የሚመስሉ ጭረቶች ፈልጉ፤ ራሳቸው የሚያመለክተው ወደ መነሻው ነው።

የስንጥቁ አንድ ክፍል ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቅርፊት ከያዘ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብረት እንደዚያ የሚጠቁረው ትኩስ ሳለ አየር ሲነካው ነው። ስለዚህ ስንጥቁ የተወለደው ማቅለጫው ቤት ወይም የሙቀት ሕክምና ላይ ሳለ ነው። ኦፕሬተሩን አትቆጡ፤ አቅራቢውን ጥሩ። ግን ተጠንቀቁ፣ ቀይ ዝገት ይህንን አያሳይም። እሱ የቆየ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ ነው።

ለስላሳ፣ ክብ፣ የሚያበራ ቀዳዳ ካያችሁ ጋዝ ነው። እርጥብ የቅርጽ አሸዋ ወይም በደንብ ያልጸዳ ቅልጥ ብረት የሚያመጣው። ሻካራ ስፖንጅ የመሰለ ባዶ ቦታ ደግሞ ብረቱ ሲረጋ ሲኮማተር የሚሞላው ቅልጥ አጥቶ የቀረበት ነው። ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ወፍራምና ቀጭን ክፍል የሚገናኙበት ላይ ይገኛል። ልዩነቱን ማወቅ ጥቅም አለው። አንደኛው ቅልጡንና አሸዋውን አስተካክሉ ይላል፤ ሁለተኛው የቅልጥ መመገቢያውን፣ ማለትም ራይዘሩን፣ ቦታ ቀይሩ ይላል።

ደረጃ 2፦ በእጃችሁ ያለው ምን ብረት ነው?

«ማንጋኒዝ ነው»፣ ማለትም ማንጋኒዝ የበዛበት የፕሌት ብረት ነው፣ ተብሎ የመጣ ሁሉ ማንጋኒዝ አይደለም። አንድ ማግኔት ኪስ ውስጥ ይኑር።

ትክክለኛ የማንጋኒዝ ብረት ማግኔት አይስበውም። ነገር ግን ሲፈስና ሲሞቅ የላይኛው ቆዳው ካርቦን ስለሚያጣ አዲሱ ፕሌት ላይ ማግኔቱ ትንሽ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በግራይንደር አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ግጡና ድጋሚ ሞክሩ። አሁንም አጥብቆ ከሳበ ወይ ማንጋኒዝ አይደለም፣ ወይ የሙቀት ሕክምናው ተበላሽቷል። በሁለቱም ቢሆን አይገጠምም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። አዲስ ማንጋኒዝ ለስላሳ ነው። ጥንካሬው በብሪኔል መለኪያ ወደ 200 አካባቢ ነው። ሊማ ይበላዋል። «ይሄማ ቅቤ ነው» ብሎ የሚመልሰው ገዢ ጥሩውን ዕቃ ነው የሚመልሰው። በ1882 ሼፊልድ ውስጥ ሮበርት ሃድፊልድ ያገኘው ጉዳይ ይኸው ነበር። ይህ ብረት ሲመታ ላይ ላዩ ይጠነክራል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በባዶ እግሩ የሚሄድ ገበሬ ተረከዝ ማለት ነው፤ ላዩ ደንድኖ ውስጡ ሥጋ። በደንብ የተመታ ፕሌት ፊቱ 500 ብሪኔል ይደርሳል፤ ሲበላም ከሥሩ ያለው በተራው ይጠነክራል።

ሌሎቹ ዘመዶች እነዚህ ናቸው።

ከፍተኛ ክሮም ያለው ነጭ ካስት ብረት፦ ከ600 ብሪኔል በላይ ይደርሳል። መፋቅን በጣም ይችላል፣ ምትን አይችልም። የኢምፓክት ክሬሸር መምቻዎች ከዚህ ይሠራሉ። አንድ የኤክስካቫተር ጥርስ አብሮ ከገባ ግን ይበታተናል።

ዝቅተኛ ቅይጥ ካስት ስቲል፦ የባኬት ጥርስና ጥርስ መያዣ። ጥሩ ጥርስ ከ470 እስከ 530 ብሪኔል ይሆናል። ማግኔት ይስበዋል።

ጊዛ፣ ማለትም ግራጫ ካስት ብረት፦ ፍላይዊሉ፣ ከክሬሸሩ ጎን የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። የተሰነጠቀ ፍላይዊል አይበየድም። ይቀየራል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም፤ ሲበተን ሰው ይገድላል።

ከዚያ ድንጋያችሁን እዩ። የወሎ ደጋና ተዳፋት አብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ነው። ባዛልት በቀላሉ አይሰበርም፣ ምቱ ከባድ ነው፣ ሲሊካው ግን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ መፋቁ መካከለኛ ነው። ለማንጋኒዝ ተስማሚ ድንጋይ ነው፤ ይመታዋል፣ ያጠነክረዋል። በደላንታ በኩል ኦፓሉን የያዘው ፈካ ያለ ድንጋይ ግን ሌላ ነው። ሲሊካ የበዛበት ነው፤ ሳይመታ ይፍቃል። እዚያ ዓይነት ድንጋይ ላይ ማንጋኒዝ ሳይጠነክር ይበላል። ስለዚህ የኮምቦልቻው ጓደኛችሁ ያመሰገነው ፕሌት እናንተ ጋ ቶሎ ቢያልቅ አትገረሙ።

ደረጃ 3፦ ሲያዙ ወረቀት ላይ የሚጻፈው

ከውጭ በጅቡቲ፣ በሚሌ አድርጎ የሚመጣም ሆነ አቃቂ ወይም ሌላ አገር ውስጥ ማቅለጫ የሚሠራ፣ ትዕዛዙ «ለዚህ ክሬሸር የሚሆን ፕሌት፣ ሁለት» ብቻ ከሆነ ያገኛችሁትን ትቀበላላችሁ።

መጀመሪያ ቅመማው። የተለመደው ማንጋኒዝ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኤ128 በሚባለው የአሜሪካ ደረጃ መሠረት ካርቦን ከ1.05 እስከ 1.35 በመቶ፣ ማንጋኒዝ ቢያንስ 11 በመቶ፣ ሲሊከን ከ1 በመቶ ያልበለጠ፣ ፎስፈረስ ከ0.07 በመቶ ያልበለጠ ነው። ፎስፈረስን እንደ ቀላል አትዩት። ትንሽ ሲበዛ ብረቱ በፍሬዎቹ፣ ማለትም በተሠራባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ድንበር ላይ ይሰባበራል። ከ0.05 በታች ከተገኘ ይሻላል። ገበያ ላይ «18» እና «22» እየተባለ የሚሸጠው የማንጋኒዙን መቶኛ ያመለክታል። ቁጥሩ ስለጨመረ ብቻ ስብራት ይቀንሳል ማለት አይደለም። ካርቦኑ፣ ፎስፈረሱና የሙቀት ሕክምናው ካልተስተካከለ 22ቱም ያው ነው።

ቀጥሎ የሙቀት ሕክምናው። ማንጋኒዝ ከቅርጹ ሲወጣ ተሰባሪ ነው፤ ካርቦኑ እንደ መረብ ተሰብስቦ ፍሬዎቹን ከቦ ይቀመጣል። ወደ 1,050 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሞቆ፣ ካርቦኑ እስኪሟሟ ቆይቶ፣ ወዲያው በሚናወጥ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። ከምድጃው በር እስከ ውሃው ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። ክሬኑ እስኪመጣ ቆሞ የጠበቀ ፕሌት ላዩ ያማረ ይሆናል፣ ውስጡ ግን መረቡን መልሶ ይሠራል። ስለዚህ የምድጃውን የሙቀትና የሰዓት መዝገብ ጠይቁ። «ምን ያደርግላችኋል?» ካሏችሁ መልሱን አግኝታችኋል፤ ሌላ አቅራቢ ፈልጉ።

እዚሁ ላይ ስለ ውፍረት። ብዙ ባለቤት «ወፍራም አድርጉልኝ፣ ዕድሜ ይኖረዋል» ይላል። ከ100 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ መሃሉ ቶሎ መቀዝቀዝ ስለማይችል መረቡ ከውስጥ ይቀራል። ወፍራሙ ፕሌት ግማሽ ዕድሜው ላይ ሲደርስ ያንን ደካማ ውስጡን ፊት ያወጣዋል። ያኔ ይሰነጠቃል። ውፍረት ዝም ብሎ አይጨመርም።

ሦስተኛው ልኩ ነው። አሮጌውን ፕሌት ሰጥቶ «ይህንኑ አስመስላችሁ አፍስሱ» ማለት ልማድ ሆኗል። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ጊዛ 1 በመቶ ያህል፣ ተራ ስቲል 2 በመቶ ያህል፣ ማንጋኒዝ 2.5 በመቶ ያህል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለውን ማንጋኒዝ ፕሌት በራሱ ቅርጽ ላይ ካፈሰሱት የሚወጣው 97.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የተበላው ፊትና የታጠፈው ጀርባም አብሮ ይቀዳል። ስለዚህ ሥዕል ይሠራ። አሮጌው ለልክ መነሻ ይሁን እንጂ ፓተርን፣ ማለትም አሸዋው ላይ ቅርጹን የሚያወጣው ሞዴል፣ አይሁን። ሥዕሉን ለመሥራት ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም አለ፤ የሜካኒካል ክፍል ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ሲፈልግ እንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

ሥዕሉ ላይ አራት ነገር አስምሩበት። ሹል የውስጥ ማዕዘን አይኑር፤ ሁሉም ክብ ይሁን። ወፍራምና ቀጭን በአንዴ አይገናኙ፤ ቀስ በቀስ ይሸጋገሩ። የራይዘሩ አንገት የሚቆረጥበት ቦታ ምት ያለበት ፊት ወይም የሚቀመጥበት ጀርባ ላይ አይሁን። ቀዳዳዎቹ ሁሉ አብረው ይፍሰሱ፣ ምክንያቱም ማንጋኒዝን በኋላ በትራፓኖ እበሳለሁ ማለት ዘበት ነው። መብሻው በተጫነው ቁጥር ብረቱ ይጠነክራል።

ደረጃ 4፦ መኪናው ሳይሄድ መፈተሽ

ዕቃው ሲደርስ ሹፌሩ ይቸኩላል። ይጠብቅ።

መዝኑት። ከሥዕሉ ክብደት በጣም ከቀለለ ውስጡ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይችላል። ጀርባውን በቀጥታ ብረት ለኩ፤ ጎብጦ እንደሆነ ይታያል። በገመድ አንጠልጥላችሁ በመዶሻ ምቱት። ጥሩው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ዱብ ይላል። ይህ የድሮ ዘዴ ነው፤ ሁሉንም አይነግርም፣ የሚነግረውን ግን በነፃ ነው የሚነግረው።

ለማዕዘኖቹና ለጆሮዎቹ ደግሞ ሦስት ቆርቆሮ ያለውን የስንጥቅ መፈተሻ ቀለም ተጠቀሙ። ቦታውን ግጡ፣ በማጽጃው አጽዱ፣ ይድረቅ። ቀዩን ርጩና ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በጨርቅ ጥረጉ። ማጽጃውን ጨርቁ ላይ እንጂ ብረቱ ላይ አትርጩ፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባውንም ያጥብባችኋል። ነጩን ርጩ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ቀይ መስመር ከወጣ ስንጥቅ ነው፤ ቀይ ነጠብጣብ ከሆነ ቀዳዳ ነው። ቀለሙ ብርድ አይወድም። ቦሩ ሜዳ ላይ ወይም ደላንታ በጥቅምት ማለዳ ፈትሻችሁ «ምንም የለም» አትበሉ። ፀሐይ ብረቱን እስክታሞቀው ቆዩ።

በማግኔት ዱቄት የሚሠራው ምርመራ ለጥርስ መያዣና ለተራ ስቲል ጥሩ ነው። ማንጋኒዝ ላይ አይሠራም።

ደረጃ 5፦ አገጣጠም

የሥራ ልምድ ያለው ሜካኒክ ጠይቁ። የጆው ፕሌት የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው በተነሣ ችግር ነው ይላችኋል። ፕሌቱ ሙሉ በሙሉ ካልተቀመጠ በእያንዳንዱ ምት ይታጠፋል። ለስላሳ ውስጥ ያለው ብረት እንኳ ለዘላለም አይታጠፍም።

ስለዚህ አሮጌው ሲወርድ መቀመጫውን ፍቃችሁ አጽዱ። የደረቀ ጭቃና የድንጋይ ዱቄት እንደ ሲሚንቶ ይጣበቃል። ቀጥታ ብረት አስተኙበት። መቀመጫው ራሱ ተበልቶ ከጎደጎደ አዲስ ፕሌት መግጠም ብር መበተን ነው፤ በመጀመሪያ መቀመጫው ይስተካከል። የፕሌቱ ጀርባ ላይ የፍሳሽ እብጠት ካለ ግጡት። ለኮን ክሬሸር ደግሞ ከላይነሩ፣ ማለትም ከሚበላው የብረት ልባስ፣ ጀርባ የሚሞላውን ኢፖክሲ አትዝለሉ። ስስ ቆርቆሮ ጠቅጥቆ ማለፍ አይሆንም።

ከዚህ ሥራ በፊት ማብሪያው ተቆልፎ ቁልፉ በሠሪው ኪስ ይሁን፣ ፍላይዊሉም ይታሰር። መብራት ባይኖርም ፍላይዊል በራሱ ክብደት ይዞራል።

ቡሎኖቹን አንዴ አጥብቃችሁ በዚያው አትሂዱ። ከመጀመሪያው ፈረቃ በኋላ ፕሌቱ ይቀመጣል፣ ቡሎኑ ይላላል። ከ8 ሰዓት ሥራ በኋላ ድጋሚ አጥብቁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ እዩት። ፕሌቱን ከክሬሸሩ አካል ጋር በብየዳ ማያያዝ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ሁለቱንም ታጣላችሁ።

ለባኬት ጥርስ ነገሩ አጭር ነው። ያረጀ መያዣ ላይ አዲስ ጥርስ ከተሰካ ይንገዳገዳል፣ የሚንገዳገድ ጥርስ ይወድቃል፣ የወደቀ ጥርስ ክሬሸር ውስጥ ይገባል። በየፈረቃው መጨረሻ ጥርስ ይቆጠር። በኮንቬየሩ ላይ ያለው ማግኔት ጥርሱን ይይዝ ይሆናል። የተሰበረ የማንጋኒዝ ቁራጭን ግን አያየውም። ኮን ክሬሸር ያለው ሰው ከማግኔቱ ሌላ የብረት ጠቋሚ መሣሪያ ቢጨምር ይመከራል።

ደረጃ 6፦ አሠራር

የጆው አፉ 600 በ900 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚገባው ትልቁ ድንጋይ ከ500 ብዙ መብለጥ የለበትም፤ የጠባቡ አፍ 80 በመቶ አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሆነው አፉ ላይ ይንሳፈፋል። ያኔ ኦፕሬተሩ በባኬት ይገፋዋል። ያ ግፊት ፕሌቱንም፣ ጥርሱንም፣ የኤክስካቫተሩን ክንድም ይጎዳል። ትልልቁን በሃመር ቀድሞ መስበር ጊዜ የሚወስድ ይመስላል እንጂ ይመልሰዋል።

ደቃቁ ከጆው በፊት በወንፊት ይውጣ። በተለይ በበልግና በክረምት ጭቃ የያዘ ድንጋይ ታች ሄዶ ይጠቀጠቃል፤ መስበር ቀርቶ መጭመቅ ይሆናል። ጭነቱ ከፕሌቱ አልፎ ወደ ዘንጉና ወደ ኩሽኔታው ይሄዳል። አፉ በወርዱ ሙሉ እኩል ይመገብ። በአንድ ጎን ብቻ የሚፈስ ድንጋይ አንዱን ጎን ይበላል፣ ፕሌቱንም ያጣምማል።

ፕሌቱ ከታች ቶሎ ይበላል። ጥርሱ ጨርሶ ሳይጠፋ ገልብጡት። ዘግይቶ የተገለበጠ ፕሌት የተበላው ጎኑ ቀጭን ስለሆነ ላይ ሆኖ ሲመታ ይሰበራል።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ኦፕሬተርን በገልባጭ ቁጥር ብቻ እየከፈሉ «ማሽን ጠብቅ» ማለት ቀልድ ነው። በባኬት ጎን ድንጋይ የሚጠርገውና በባኬቱ የሚደበድበው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ቁጥሩ ስላነሰበት ነው። ከክፍያው ላይ ትንሽ ነገር ለጥርስና ለፕሌት ዕድሜ ብትመድቡ ይህ መመሪያ ግማሹ በራሱ ይፈጸማል።

ደረጃ 7፦ ብየዳ፣ ሁለት ተቃራኒ ሕግ

ብዙ ጥሩ ካስቲንግ የሚገደለው እዚህ ነው። ምክንያቱም ለአንዱ ብረት መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ላሙቀው?» ይላል ወጣቱ በያጅ።
«ማግኔቱ ያዘው ወይ?» ብላችሁ መልሱለት።

ማግኔት ካልያዘው ማንጋኒዝ ነው። አይሞቅም። ከ260 ዲግሪ በላይ ከሞቀና ከቆየ ያ የካርቦን መረብ ተመልሶ ይመጣል፣ ብረቱ ይሰባበራል። በመጀመሪያ በሥራ የጠነከረውን ላይኛ ቆዳ በግራይንደር አንሡ፤ በላዩ ላይ የተበየደ ብየዳ ከሥሩ ተሰንጥቆ ይላቀቃል። ስንጥቁን ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ቆፍራችሁ አውጡ፣ በቀለሙ አረጋግጡ። ኦስተኒቲክ የሆነ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የማንጋኒዝ ወይም እንደ 307 እና 309 ያለ ስቴንለስ ተጠቀሙ። አጭር አጭር መስመር አድርጉ። እያንዳንዱን ትኩስ ሳለ በክብ መዶሻ ቀጥቅጡ። ቦታ እየቀያየራችሁ ሥሩ። በሙቀት ጠቋሚ ጠመኔ ለኩ። ጠመኔ ከሌለ ከብየዳው አንድ ስንዝር ርቆ እጃችሁ የማይችለው ከሆነ ቁሙ፣ ይቀዝቅዝ። አብሽሩ፣ ማንጋኒዝ ውሃ ቢነካው አይሰነጠቅም፤ በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ጭሱ ግን ለነርቭ መጥፎ ነው። ነፋስ ከጀርባችሁ ይሁን፣ የተዘጋ ቤት ውስጥ አትሥሩ።

ማግኔት ከያዘውና ጥርስ መያዣ ወይም የስቲል አካል ከሆነ ሕጉ ይገለበጣል። ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ይሙቅ። ሙቀቱ ላይ ላዩን ብቻ ሳይሆን ውስጡን ይድረስ። 7018 ዓይነት ዝቅተኛ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ይደርቅ፤ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። በክረምት ፓኬቱ ተከፍቶ ጥግ ላይ የከረመ ኤሌክትሮድ እርጥበት ጠጥቷል። ያ እርጥበት ብየዳው ውስጥ ሃይድሮጅን ሆኖ ይገባና ማታ ሁሉም ሰው ተኝቶ ሳለ ይሰነጥቀዋል። ጠዋት መጥታችሁ «ትናንት ደህና ነበር» የምትሉት ለዚህ ነው። ከብየዳ በኋላ በደረቅ አሸዋ ወይም በአመድ ሸፍኑት፣ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ውሃ አይንካው። እንዲህ ያለው ብረት ላይ የስንጥቁን ጫፍ ካገኛችሁ በኋላ ትንሽ አልፎ በትራፓኖ መብሳት ስንጥቁ እየሸሸ እንዳይሄድ ያደርጋል።

ጊዛ በኒኬል ኤሌክትሮድ፣ በሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር መስመር፣ እየተቀጠቀጠ ይበየዳል። ጫና ለሌለበት ሽፋን ወይም ቤት ብቻ። ከፍተኛ ክሮም አይበየድም።

ደረጃ 8፦ መዝገብ

አንድ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ፕሌትና መምቻ፦ ከማን መጣ፣ ላዩ ላይ የተቀረጸው የቅልጥ ቁጥር፣ ሲገባ ክብደቱ፣ የገባበትና የተገለበጠበት ቀን፣ ሲወጣ ክብደቱ፣ ስንት ቶን ወይም ስንት ሰዓት ሠራ። በቀን አትቁጠሩ። መብራት ጠፍቶ ክሬሸሩ የቆመበት ቀን ፕሌቱን አልበላውም። መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ጻፉ፤ «ተበላ» ወይም «ተሰበረ»። የአንድ አቅራቢ ገጽ ላይ «ተሰበረ» ሲደጋገም በርካሽ መሸጡ ምንም ማለት አይደለም።

ከደብተሩ ሌላም ጥቅም ታገኛላችሁ። አንድ ፕሌት ስንት ቶን እንደሚችል ካወቃችሁ ግማሹን ሲጨርስ የሚቀጥለውን ታዛላችሁ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ መርከብና ጉምሩክ አለበት፤ አገር ውስጥ የሚፈስም ተራ ይጠብቃል። አንድ ሙሉ ጥንድ ሁልጊዜ መጋዘን ይኑር፤ ሲቀመጥም ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ፣ ጀርባው ወደ ታች፣ ላዩ ላይ የቅልጥ ቁጥሩ በቀለም ተጽፎ።